በጆሮ መሥራት፦ በብሮድካስት ጋዜጠኝነት የተማሪ ፕሮጀክቶች ያካበትኩት ልምድ

የብሮድካስት ጋዜጠኝነት ተማሪ ሆኜ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ፕሮጀክቶችን ስሠራ ከካሜራውም ከኮምፒውተሩም በላይ የጠቀመኝ ሽቦ ያለው ተራ የጆሮ ማዳመጫ ነው። ምስሉ ትንሽ የደበዘዘ ዘገባ ድምፁ ጥርት ያለ ከሆነ ተመልካች እስከ መጨረሻው ይከታተለዋል፤ ምስሉ እጅግ ያማረ ሆኖ የተናጋሪው ቃል በማሚቶ የተዋጠ ከሆነ ግን ብዙ ሰው ገና በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ይተወዋል። መምህራን ይህን ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምሮ ይናገራሉ፤ ተማሪው ግን ልቡ ካሜራው ላይ ስለሆነ እምብዛም አያዳምጣቸውም። እዚህ የማካፍለው ልምድ ለዚህ ትምህርት አዲስ ለሆኑ ሰዎች የተጻፈ ሲሆን በአንድ ሐሳብ ዙሪያ የሚያጠነጥን ነው፦ ርዕስ ሲመረጥም፣ ቃለ መጠይቅ ሲደረግም፣ ስክሪፕት ሲጻፍም፣ ሲቀናበርም ውሳኔው በጆሮ ቢሰጥ ሥራው ይቃናል። የጋዜጣ አንባቢ ያልገባውን አንቀጽ ተመልሶ ያነባል፤ አድማጭ ግን አንድ ጊዜ ሰምቶ ያልፋል። በኢንተርኔት የተለቀቀ ዘገባን ወደ ኋላ መልሶ መስማት ቢቻልም ለዚያ የሚደክም ሰው ጥቂት ነው።

ተማሪዎች ለመምህራቸው የሚያቀርቡት የመጀመሪያ የፕሮጀክት ሐሳብ አብዛኛውን ጊዜ “ሥራ አጥነት”፣ “የአካባቢ ብክለት” ወይም “የማኅበራዊ ሚዲያ ተጽዕኖ” የሚል ነው። እነዚህ ለመጽሐፍ የሚበቁ ርዕሶች ናቸው፤ የሁለት ደቂቃ ዘገባ አይሸከማቸውም። እኔ አንድን ሐሳብ የምፈትነው ማን ምን እያደረገ እንደሆነና ምን እንደገጠመው በአንድ አረፍተ ነገር ለመናገር በመሞከር ነው። “የአካል ጉዳተኞች ትምህርት” ከሚለው ይልቅ “መስማት የተሳናት አንዲት ተማሪ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ በሌለበት ክፍል ትምህርቷን እንዴት ትከታተላለች?” የሚለው ወዴት መሄድ፣ ማንን ማነጋገርና ምን መቅረጽ እንዳለብኝ ወዲያው ይነግረኛል። ሁለተኛው ፈተናዬ ደግሞ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሰው ንግግር ሌላ ምን ሊሰማ እንደሚችል መጠየቅ ነው። መልሱ “ምንም” ከሆነ፣ ማለትም ሁሉም ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ ብቻ የሚናገር ከሆነ፣ ጉዳዩን በሌላ በር ልገባበት እሞክራለሁ።

የጊዜውን ሒሳብ ከቀረጻ በፊት መሥራትም ብዙ ድካም ይቀንሳል። ሁለት ደቂቃ 120 ሰከንድ ነው። ሦስት ተናጋሪዎች እያንዳንዳቸው 15 ሰከንድ ቢሰጣቸው 45 ሰከንድ ይሄዳል፤ ዘገባው በአካባቢ ድምፅ ተከፍቶ በመሃል ዕረፍት ቢያገኝ ሌላ 15 ሰከንድ ያህል ይወስዳል፤ ዘጋቢው ካሜራ ፊት ቆሞ የሚናገርበት ክፍል ካለ ከዚያም ላይ ይቀነሳል። ለትረካው የሚቀረው እንግዲህ ቢበዛ አንድ ደቂቃ ያህል ነው። ይህን አስቀድሞ ያሰበ ተማሪ ሰባት ሰዎችን እያንዳንዳቸውን ለግማሽ ሰዓት እያናገረ የማይጠቀምበትን የድምፅ ክምር ይዞ አይመለስም። ጥቂት ሰዎችን መርጦ በደንብ ማናገር ለዘገባውም ጊዜያቸውን ለሰጡት ሰዎችም የተሻለ ነው፤ ልጁ ሊያናግረኝ መጥቶ አንድም ቃሌ አልተላለፈም ብሎ ቅር የሚሰኝ ሰው ጥቂት አይደለምና።

ቃለ መጠይቁ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ምክንያቱም እዚያ ያልተገኘ ነገር በቅንብር ጊዜ ከየትም አይመጣም። አስቀድሞ በስልክ መነጋገር ተገቢ ቢሆንም ጥያቄዎቹን በሙሉ አስቀድሞ ማንሳት ግን ጉዳት አለው። ሰውየው ታሪኩን አንድ ጊዜ ከነስሜቱ ከተረከ በኋላ ማይክሮፎን ሲቀርብለት “ቅድም እንደነገርኩህ” ብሎ ይጀምራል፤ ታሪኩንም ያሳጥረዋል። ያ “ቅድም እንደነገርኩህ” የሚለው ሐረግ ከሚቀጥለው ቃል ጋር ተጣብቆ ስለሚወጣ ቆርጦ ማውጣቱ ራሱ ፈተና ነው። ስለዚህ በስልክ የምጠይቀው ጉዳዩን በግል የሚያውቀው መሆኑን፣ ለመቀረጽ ፈቃደኛ መሆኑንና የት እንደምንገናኝ ብቻ ነው፤ ወደ ዝርዝሩ መግባት ሲጀምር በትሕትና አስቁሜ ስንገናኝ እንዲነግረኝ እጠይቃለሁ።

በቀረጻው መጀመሪያ ላይ ሁልጊዜ ስምንና የሥራ ድርሻን ራሱ ተናጋሪው እንዲናገር አደርጋለሁ። ይህ ሦስት ጥቅም አለው፦ የድምፁን መጠን ለማስተካከል ጊዜ ይሰጣል፤ ስሙ በትክክል እንዴት እንደሚጠራ ማስረጃ ሆኖ ይቀመጣል፤ ቀላል ጥያቄ ስለሆነም ተናጋሪው ከማይክሮፎኑ ጋር ይላመዳል። ከዚያ በኋላ “አዎ” ወይም “አይደለም” ተብለው ሊመለሱ የሚችሉ ጥያቄዎችን እሸሻለሁ። “ተቸግራችሁ ነበር?” የሚል ጥያቄ “አዎ፣ በጣም” የሚል መልስ ያመጣል፤ ይህ ደግሞ ብቻውን ሲሰማ ምንም ትርጉም የለውም። “ያን ቀን ጠዋት ምን ሆነ?” ብሎ የጠየቀ ግን ታሪክ ያገኛል። የእኔ የጠያቂው ድምፅ በዘገባው ውስጥ እንደማይኖር ለተናጋሪው አስረድቼ መልሱን ሙሉ በሆነ አረፍተ ነገር እንዲጀምር እጠይቀዋለሁ፤ “እሱማ ድሮ ነበር” ከማለት ይልቅ “ቤተ መጻሕፍቱ ድሮ እስከ ሌሊት ክፍት ነበር” ቢል አድማጩ ስለ ምን እንደሚወራ ያውቃል።

አማርኛ ስንነጋገር የሌላውን ንግግር ዝም ብሎ መስማት እንደ ንቀት ስለሚቆጠር በየመሃሉ “እሺ”፣ “እህ”፣ “አዎን” እያልን ወይም ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ሳብ እያደረግን መስማማታችንን እንገልጻለን። በተለመደው ንግግር ይህ ጨዋነት ነው፤ በማይክሮፎን ፊት ግን እያንዳንዷ “እህ” በተናጋሪው ቃል ላይ ትደረባለች፤ ልትነጠልም አትችልም። ጆሮ ማዳመጫ አድርጎ የራሱን ቃለ መጠይቅ ያዳመጠ ሰው የራሱ “እሺ” ስንት ጥሩ አባባል እንዳበላሸ ይሰማዋል። መፍትሔው በዓይን ማዳመጥ ነው፦ ተናጋሪውን ፊት ለፊት ማየት፣ ራስን መነቅነቅ፣ ፊት ላይ ስሜቱን ማሳየት። እንዲያውም ከመጀመራችን በፊት “ዝም ብዬ የማዳምጠው ድምፅዎ እንዳይረበሽ ነው” ብሎ በዕድሜ የገፉ እንግዶችን ማስጠንቀቅ ዝምታው እንዳያስቀይማቸው ይረዳል። ዝምታ ሌላም ሥራ አለው። ተናጋሪው መልሱን ሲጨርስ ወዲያው ሌላ ጥያቄ ካልተወረወረለት ብዙ ጊዜ ጥቂት ቆይቶ ራሱ ይቀጥላል፤ ያ የተቀጠለው ንግግር ከተዘጋጀው መልስ ይልቅ ወደ እውነቱ የቀረበ ይሆናል።

ቃለ መጠይቁን የምዘጋው “ሳልጠይቅዎ የቀረሁት ነገር አለ?” በሚል ጥያቄ ነው። ከዚህ በኋላ መሣሪያውን ቶሎ አላጠፋም፤ ሰው ሁሉ “አለቀ” ሲባል ዘና ብሎ የተሻለ ስለሚናገር ነው። ነገር ግን መሣሪያው እየቀዳ መሆኑን ተናጋሪው ማወቅ አለበት። “አሁንም እየቀረጽኩ ነው፤ ይህን ልጠቀምበት?” ብሎ መጠየቅ የአንድ አፍታ ሥራ ነው፤ ሳይጠይቁ መጠቀም ግን ማታለል ነው። ዕድሜያቸው ለአቅመ አዳም ወይም ሔዋን ያልደረሱ ልጆች ሲሆኑ የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ስማቸው ወይም ፊታቸው መታየቱ ጉዳት የሚያመጣባቸው ሰዎችንም ለክፍል ሥራ ብቻ ነው ብሎ ማጋለጥ አይገባም፤ ዛሬ ለክፍል የተሠራ ነገር ነገ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ይገኛል።

ወደ ቀረጻው ቴክኒክ ስንመጣ፣ ጥሩ ድምፅ ለማግኘት ከውድ ማይክሮፎን በፊት የሚታሰበው ርቀት ነው። ክፍት በሆነ ቦታ ማይክሮፎኑ ከአፍ ያለው ርቀት በእጥፍ ሲጨምር የንግግሩ መጠን በ6 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ገደማ ይቀንሳል፤ የአየር ማቀዝቀዣውና የመንገዱ ጫጫታ፣ የክፍሉም ማሚቶ ግን በዚያው መጠን አይቀንሱም። ስለዚህ ርካሽ ማይክሮፎን አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ሆኖ የሚቀዳው ድምፅ ካሜራው ላይ የተገጠመ ውድ ማይክሮፎን ከሁለት ሜትር ከሚቀዳው ይበልጣል። ማይክሮፎኑን በቀጥታ አፍ ፊት ከመደቀን ይልቅ ትንሽ ወደ ጎን ማድረግ “ፐ” እና “በ” የመሳሰሉ ድምፆች የሚያስከትሉትን የትንፋሽ ግፊት ይቀንሳል። ማይክሮፎኑን ለተናጋሪው አሳልፎ መስጠትም አይመከርም፤ ሰው ሲናገር እጁ ስለሚንቀሳቀስ ድምፁ ይቀርባል፣ ይርቃል፤ ጠያቂውም ንግግሩን የመምራት ዕድሉን ያጣል።

የድምፅ መጠኑን በተመለከተ፣ ንግግሩ በመሣሪያው መለኪያ ላይ በቅናሽ 12 ዴሲቤል (-12) አካባቢ ሆኖ ጎላ የሚሉት ቃላት ከቅናሽ 6 (-6) እንዳያልፉ አድርጌ እጀምራለሁ። በዲጂታል ቀረጻ ዜሮን፣ ማለትም የመለኪያውን ጣሪያ፣ አልፎ የተቆረጠ ድምፅ መልሶ አይጠገንም፤ ዝቅ ብሎ የተቀዳ ግን ትንሽ የጀርባ ጫጫታ ቢያስከትልም ከፍ ሊደረግ ይችላል። መሣሪያው መጠኑን በራሱ የሚያስተካክልበትን አማራጭ ማጥፋት ይመረጣል፤ ተናጋሪው ለአፍታ ዝም ሲል መሣሪያው የጀርባውን ጫጫታ ከፍ ያደርገዋል፤ ሲናገር መልሶ ይጥለዋል፤ ውጤቱም ከፍ ዝቅ የሚል ማዕበል ይሆናል። ለቪዲዮ የሚቀዳ ድምፅ በ48 ኪሎኸርትዝ፣ ባልታመቀ የዋቭ ፋይል ቢሆን በኋላ ችግር አይፈጥርም። በስልክ የሚቀርጽ ተማሪም በረራ ላይ የሚደረገውን የስልክ አማራጭ አስቀድሞ ይክፈት፤ መሃል ላይ የገባ ጥሪ ቀረጻውን ሊያቋርጠው ይችላል።

ቦታው ራሱ መደመጥ አለበት። ወደ አንድ ክፍል ስገባ መጀመሪያ የማደርገው ዓይኔን ጨፍኜ ማዳመጥ ነው፤ አንጎላችን የለመደውን የማቀዝቀዣ ወይም የመብራት እዝዝታ ስለሚሰርዝብን ካልታሰበበት አይሰማም፤ ማይክሮፎን ግን አይሰርዝም። ባዶ ግድግዳና ሰፊ መስታወት ያለው አዳራሽ ድምፅን ያስተጋባል፤ መጋረጃ፣ ምንጣፍና መጻሕፍት ያሉበት ጠባብ ክፍል ይውጠዋል። ቃለ መጠይቁ ካለቀ በኋላ ሁሉም ሰው ዝም ብሎ የክፍሉን ባዶ ድምፅ ለ30 ሰከንድ ወይም ለአንድ ደቂቃ መቅዳትን አልዘልም። ሰዎች ግራ ተጋብተው ያዩኛል፤ አንዳንዶቹም ይስቃሉ። ነገር ግን ሁለት ንግግሮች ሲቆራረጡና ሲገጣጠሙ በመሃላቸው የሚፈጠረውን ድንገተኛ ባዶነት የሚሞላው ይኸው ድምፅ ነው።

የአካባቢ ድምፅ ሌላው የዘገባ ሀብት ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 የአሜሪካው የሲቢኤስ ሬዲዮ ዘጋቢ የነበረው ኤድዋርድ መሮው በለንደን ትራፋልጋር አደባባይ አካባቢ የአየር ጥቃት ማስጠንቀቂያ እየተሰማ በቀጥታ ሲያስተላልፍ፣ ማይክሮፎኑን ወደ መሬት ዝቅ አድርጎ ወደ መጠለያ የሚሄዱ ሰዎችን የእግር ኮቴ ለአሜሪካ አድማጮች አሰምቷል። ሰዎቹ አይሮጡም ነበር፤ በእርጋታ ይራመዱ ነበር። ያን እርጋታ በቃላት ቢገልጸው አድማጩ የዘጋቢውን ፍርድ ይቀበል ነበር፤ ኮቴውን ሲሰማ ግን ፍርዱን ራሱ ሰጠ። ተማሪም ይህን ማድረግ ይችላል። ስለ አንድ የልብስ ስፌት ባለሙያ የሚዘግብ ሰው የስፌት መኪናውን ድምፅ ከሩቅ ብቻ ሳይሆን መርፌው ጨርቁን ሲወጋ ከቅርብ፣ መቀሱ ሲቆርጥ፣ ደንበኛ ሲገባ በሩ ሲጢጥ ሲል ለየብቻ ቢቀዳ በኋላ ትዕይንት የሚያደራጅበት ጥሬ ዕቃ ያገኛል። ያልተደረገን ነገር በድምፅ ማስመሰል ግን አይፈቀድም፤ ከሌላ ቦታ የተቀዳን የሕዝብ ጭብጨባ በአንድ ስብሰባ ላይ መጨመር ሐሰተኛ ምስል ከመጨመር አይለይም።

ስለ ምስል ብዙ መመሪያ በየቦታው ስለሚገኝ እዚህ ጥቂቱን ብቻ እላለሁ። እያንዳንዱን ምስል ካሜራውን ሳያንቀሳቅሱ ቢያንስ ለ10 ሰከንድ መያዝ፣ አንድን ድርጊት ከሩቅ፣ ከመካከለኛ ርቀትና ከቅርብ፣ በተለይም እጅንና ፊትን ለይቶ መቅረጽ ቅንብሩን ያቀላል። በሰከንድ 25 ምስል ሲቀረጽ የመዝጊያ ፍጥነቱ 1/50 ቢሆን እንቅስቃሴው ተፈጥሯዊ ይመስላል፤ የኤሌክትሪክ ኃይሉ 50 ኸርትዝ በሆነበት ቦታም የመብራት ብልጭታን ያስቀራል። የነጭ ቀለም ሚዛኑም ቦታ በተለወጠ ቁጥር መስተካከል አለበት፤ የቀን ብርሃን 5600 ኬልቪን፣ የቀድሞው ዓይነት ቢጫ አምፖል ደግሞ 2700 ኬልቪን ገደማ ስለሆነ በመስኮትና በአምፖል መካከል የተቀመጠ ሰው ግማሽ ፊቱ ሰማያዊ፣ ግማሹ ብርቱካናማ ይሆናል። ዋናው ነገር ግን ምስል ለመቅረጽ የምንወጣው ቃለ መጠይቁን ከሰማን በኋላ ቢሆን ይመረጣል። ተናጋሪዋ ስለ ተሰበረ ደረጃ ካወራች የተሰበረውን ደረጃ መቅረጽ አለብን፤ አለበለዚያ በንግግሯ ላይ የምንደርበው የሰዎች እግርና የዛፍ ቅጠል ይሆናል።

ስክሪፕት መጻፍ ለእኔ ከሁሉም በላይ ያስተማረኝ ክፍል ነው፤ በአማርኛ ለጆሮ መጻፍ የራሱ ጠባይ አለውና። የአማርኛ ግስ በአረፍተ ነገሩ መጨረሻ ስለሚመጣ አድማጭ ማን ምን እንዳደረገ የሚያውቀው ሁሉም ከተነገረ በኋላ ነው። በወረቀት ላይ “ባለፈው ሳምንት በተማሪዎች መኖሪያ ሕንፃ የተከሰተውን የውኃ መቋረጥ ተከትሎ ቅሬታ ያቀረቡት ተማሪዎች ከአስተዳደሩ ጋር ባደረጉት ውይይት ችግሩ በቅርቡ እንደሚፈታ ተገለጸላቸው” ተብሎ ቢጻፍ ችግር የለውም። ሲነበብ ግን አድማጩ ያን ሁሉ ተሸክሞ እስከ መጨረሻው መጠበቅ አለበት። “በተማሪዎች መኖሪያ ባለፈው ሳምንት ውኃ ተቋረጠ። ተማሪዎቹ ቅሬታቸውን ይዘው ወደ አስተዳደሩ ሄዱ። አስተዳደሩም ችግሩ በቅርቡ ይፈታል ብሏል” ሲባል ያው መረጃ ሳይከብድ ይገባል።

የተናጋሪውን ማንነት ማስቀደምም ከዚሁ የሚመነጭ ነው። በጋዜጣ አማርኛ የአንድ ሰው አስተያየት ተዘርዝሮ “…ሲሉ ኃላፊው ተናግረዋል” ተብሎ ይዘጋል። አድማጩ እዚያ እስኪደርስ ድረስ የኃላፊውን አስተያየት የዘጋቢው እውነታ አድርጎ ይሰማዋል። “ኃላፊው እንደሚሉት” ብሎ መጀመር ይህን ያስቀራል። ከግሶቹም መካከል “ብለዋል” እና “ተናግረዋል” የሚሉት ሚዛናቸውን የጠበቁ ናቸው፤ “አስገንዝበዋል” ወይም “አረጋግጠዋል” ስንል ግን የተባለው ነገር እውነት መሆኑን እኛም መሰከርን ማለት ነው። ይህን ልዩነት የሚያስተውል የተማሪ ስክሪፕት ብዙ አላየሁም፤ በባለሙያዎች ዘንድም ቢሆን የሚዘነጋ ይመስለኛል።

ጽሕፈታችን የሚጠብቁና የሚላሉ ድምፆችን አይለይም። “ተጠርጣሪው ይመታ ነበር” የሚለው አረፍተ ነገር ላልቶ ከተነበበ ሰውየው መቺ ነው፤ ጠብቆ ከተነበበ ተመቺ ይሆናል። ለዓይን አንባቢ ዙሪያው ያለው አንቀጽ ይፈታለታል፤ በቀጥታ ስርጭት ላይ ያለ አንባቢ ግን ቀጣዩን መስመር ሳያይ መወሰን አለበት። ስለዚህ በስክሪፕቴ ላይ በሚጠብቀው ፊደል አናት ሁለት ነጥብ አደርጋለሁ፤ የውጭ አገር ስሞችንም በሚነበቡበት አኳኋን በክፍል በክፍሉ ለያይቼ እጽፋቸዋለሁ። ቁጥርም እንዲሁ ነው። “48 ሺህ 763” የሚል ቁጥር ከጆሮ ቶሎ ይወጣል፤ “ወደ 49 ሺህ የሚጠጋ” ቢባል ይቀራል። በአንድ አረፍተ ነገር ውስጥ ከሁለት በላይ ቁጥር ማስገባት አድማጩን ወደ ሒሳብ ክፍል መመለስ ነው።

ብዙ የማስተማሪያ ጽሑፎች በሰከንድ ሦስት ቃል የሚል መለኪያ ይሰጣሉ። ይህ ለእንግሊዝኛ የተሠላ ነው። አማርኛ ባለቤትን፣ ተሳቢንና አሉታን በአንድ ቃል ውስጥ ስለሚያጭቅ “አልነገርኳቸውም” የሚለው አንድ ቃል የአንድ አረፍተ ነገር ያህል ጊዜ ይወስዳል። አስተማማኙ መንገድ ሰዓት ይዞ ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበብ ነው። ጮክ ብሎ ማንበብ ትንፋሽ የሚያልቅበትን ቦታና ምላስ የሚሰናከልበትን ቃልም ያሳያል። የትረካው የመጨረሻ አረፍተ ነገር ቀጥሎ የሚመጣውን ንግግር አስቀድሞ እንዳይናገርም መጠንቀቅ ይገባል። ትረካው “ወይዘሮዋ በጣም መደንገጣቸውን ይናገራሉ” ካለ በኋላ ወይዘሮዋ “በጣም ደነገጥኩ” ካሉ ንግግራቸው ከንቱ ሆነ። “ስልኩ የተደወለው እኩለ ሌሊት ላይ ነበር” ብሎ ማቆምና ለወይዘሮዋ መልቀቅ ይሻላል።

ስለ አነባበብ አንድ ነገር ልጨምር። አብዛኞቻችን ማይክሮፎን ፊት ስንቆም ከልጅነታችን ጀምሮ የሰማነውን የዜና አንባቢ ቃና እንለብሳለን፤ እያንዳንዱ አረፍተ ነገር በአንድ ዓይነት ዜማ ይወጣና ይወርዳል። ከዚህ ለመላቀቅ የረዳኝ ስክሪፕቱን አስቀምጬ ታሪኩን ለአንድ ጓደኛዬ በቃል መንገር፣ ያንንም ቀድቼ ማዳመጥ ነበር። ለጓደኛዬ ስነግር ያጠበቅሁትን ቃል በስክሪፕቱ ላይ አሰምርበታለሁ። ቆሞ ማንበብም ትንፋሽን ያረዝማል።

ቅንብር የሚጀምረው ከኮምፒውተሩ በፊት በወረቀት ነው። የቀረጽኩትን ሁሉ አዳምጬ የትኛው አባባል በየትኛው ደቂቃና ሰከንድ ላይ እንዳለ እጽፋለሁ፤ ይህ አሰልቺ ነው፤ ማሳጠሪያ መንገድም አላገኘሁለትም። ንግግርን በሶፍትዌር ወደ ጽሑፍ መቀየር ቢቻልም ጽሑፉ አባባሉ እንዴት እንደተባለ አይነግርም፤ በጽሑፍ ደምቆ የታየ ንግግር ሲሰማ የደከመ፣ በጽሑፍ ተራ የመሰለ ደግሞ ሲሰማ ልብ የሚነካ ይሆናል። በዘገባው ውስጥ የሚገቡ የሰዎች ንግግሮች መረጃ እንዲሰጡ አልጠብቅባቸውም፤ መረጃውን እኔ በትረካው አጠር አድርጌ እናገራለሁ። ከተናጋሪዎቹ የምወስደው ያዩትን፣ የተሰማቸውንና የሚከራከሩበትን ነው።

መቁረጥ ሥልጣን ነው፤ ስለዚህም አደጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ2007 ቢቢሲ ስለ ንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊት የተሠራ ፕሮግራም ማስተዋወቂያ ለጋዜጠኞች ባሳየ ጊዜ ምስሎቹ ከተፈጸሙበት ቅደም ተከተል ውጭ ተደርድረው ስለነበር ንግሥቲቱ ከፎቶግራፍ መነሣት ተቆጥተው የወጡ አስመስሎ ነበር። እያንዳንዱ ምስል እውነተኛ ነበር፤ ሐሰት የሆነው ቅደም ተከተሉ ነው። ጣቢያው ይቅርታ ጠየቀ፤ የቢቢሲ ዋን የቴሌቪዥን ቻናል ኃላፊ የነበሩት ፒተር ፊንቻምም በዚያው ዓመት ሥራቸውን ለቀቁ። በተማሪ ፕሮጀክትም ይኸው ፈተና በትንሹ ይመጣል። ለአንድ ጥያቄ የተሰጠን መልስ ከሌላ ጥያቄ መልስ ጋር ስናገጣጥም፣ “ግን” የሚለውን ቃል ቆርጠን ስናወጣ ወይም ሳቅን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ስናዛውር ተናጋሪው ያላለውን እንዲል እናደርጋለን። እኔ ራሴን የምጠይቀው ተናጋሪው አጠገቤ ተቀምጦ ይህን ቢሰማ “ይህ ነው ያልኩት” ይላል ወይ ብዬ ነው። ሙዚቃንም በዜና ዘገባ ላይ አለመጨመር ይሻለኛል፤ አድማጩ ማዘን ያለበት መሆኑን የሚነግረው ፒያኖ ከሆነ ዘገባው ራሱ ሥራውን አልሠራም።

ከመላኩ በፊት የጠቅላላ ድምፁን መጠን መለካት ያስፈልጋል። የአውሮፓ ብሮድካስቲንግ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው አር 128 የተባለው ምክረ ሐሳብ የፕሮግራሞች አማካይ የድምፅ መጠን ቅናሽ 23 ኤልዩኤፍኤስ (ድምፅ ለጆሮ ምን ያህል ጎልቶ እንደሚሰማ የሚለካበት አሃድ) እንዲሆን ይመክራል፤ በኢንተርኔት የሚለቀቁ የድምፅ ዝግጅቶች ግን ብዙውን ጊዜ ከዚያ ጎላ ብለው፣ ቅናሽ 16 አካባቢ ሆነው ይሠራሉ። የትምህርት ክፍሉ የተለየ መመሪያ ከሌለው ቢያንስ ትረካውና የተናጋሪዎቹ ድምፅ እኩል መሆናቸውን፣ አድማጩ ድምፅ ለመጨመርና ለመቀነስ እጁን የማያነሳ መሆኑን ማረጋገጥ ይበቃል። ይህን በጥሩ ማዳመጫ ብቻ ሳይሆን በስልክ ትንሽ ድምፅ ማጉያም እሰማዋለሁ፤ ብዙው ሰው የሚሰማው በእሱ ነውና። ፋይሎቹን በተለያዩ ሁለት ቦታዎች ሳላስቀምጥም ሜሞሪ ካርዱን አላጠፋም።

በመጨረሻ የማደርገው ጉዳዩን ጨርሶ ለማያውቅ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ማሰማት ነው። የክፍል ጓደኞች ለዚህ አይሆኑም፤ ስለ ታሪኩ አስቀድመው ስለሰሙ የጎደለውን ራሳቸው ይሞላሉ። ሰውየው እንደ ማንኛውም አድማጭ ሌላ ነገር እየሠራ እንዲያዳምጥ እፈቅድለታለሁ፤ ሲያልቅ “ወደድከው?” ብዬ አልጠይቅም፤ “ምን ሆነ?” ብዬ ብቻ እጠይቃለሁ። የተናጋሪዎቹን ስም ባያስታውስ አይከፋኝም። ማን ምን እንደጠየቀና ማን እንደከለከለ ካምታታበት ግን ወደ ስክሪፕቱ እመለሳለሁ፤ ችግሩም አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከመጀመሪያው ተናጋሪ በፊት ባለው አረፍተ ነገር ላይ ነው። እሱን አስተካክዬ የማሰማው ለሌላ ሰው ነው፤ የመጀመሪያው ሰው ታሪኩን አውቆታልና ለሁለተኛ ፈተና አያገለግልም።